«ቱርክ ነኝ» እና «ከቱርክ ነኝ»፦ የኩርዶች ጥያቄ ከየት መጣ?

ጀርመን አገር የሚኖሩ አንድ አንባቢ የላኩት ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በምሠራበት መጋዘን የቱርክ ፓስፖርት ያላቸው ሁለት ባልደረቦች አሉኝ። አንዱን ‹አንተ ቱርክ› ብዬ ስጠራው ደስ ይለዋል። ሌላውን እንዲሁ ብለው ፊቱን አጠቆረብኝ፤ ‹ቱርክ አይደለሁም፣ ኩርድ ነኝ› አለ። ነገሩን ለመጀመሪያው ሳነሳበት ‹በሕጋችን ዜጋ ሁሉ ቱርክ ነው፤ ኩርዶች ሚኒስትር ድረስ ሆነዋል፣ ማን ከለከላቸው? ምን ጎደለን ይላሉ?› አለኝ። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ትክክሉ የትኛው ነው?»

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የቱርክ ብሔርተኝነት ለኩርዱ በር አልዘጋበትም፤ እንዲያውም ግባ ብሎ ለምኖታል፣ አስገድዶታልም። ግን ሲገባ ስሙንና ቋንቋውን ደጅ ጥሎ እንዲገባ ነው የፈለገው። የመጀመሪያው ባልደረባዎ የተከፈተውን በር ያያል፤ ሁለተኛው ደጅ የቀረውን ያያል። የኩርዶችን ጥያቄ ከሌሎች አገሮች የአናሳ ሕዝቦች ጥያቄ የሚለየው ይህ ስለሆነ፣ ከመሠረቱ ልጀምር።

በቅድሚያ ግን ስለ አማርኛችን አንድ ነገር ልበል። እኛ አገሩንም ሰውየውንም «ቱርክ» ነው የምንለው፤ «ቱርክ ሄደ» እንላለን፣ «ቱርክ ነው» እንላለን። በቱርክኛ አገሩ ቱርኪዬ፣ ሰውየው ቱርክ ነው። እኛ ሳናስበው በአንድ ቃል የምንጠቀልላቸውን እነዚህን ሁለት ነገሮች እነሱ መቶ ዓመት ሙሉ ተጣልተውባቸዋል። ባልደረባዎን «ቱርክ» ሲሉት እርስዎ አገሩን ማለትዎ ነበር፤ እሱ የሰማው ግን ዘሩንና ቋንቋውን ነው።

በኦቶማን ዘመን «ቱርክ» መባል ክብር አልነበረም። የኢስታንቡል ሹማምንት ራሳቸውን ኦቶማን ነበር የሚሉት፤ ቱርክ የሚሉት የአናቶሊያውን ባላገር ነው። ሰው የሚመደበው በሃይማኖቱ ሲሆን ምድቡ «ሚሌት» ይባላል፤ የኦርቶዶክስ ሚሌት፣ የአርመን ሚሌት፣ የአይሁድ ሚሌት እየተባለ። ሙስሊሙ ቱርክ ይሁን ኩርድ፣ ዓረብ ይሁን አልባኒያዊ፣ በአንድ ኸሊፋ፣ በሙስሊሞች የበላይ መሪ፣ ሥር ያለ አንድ ወገን ነው። ዛሬ «ሚሌት» በቱርክኛ ብሔር ማለት ሆኗል። የእኛው «ብሔር» ተመሳሳይ ጉዞ ተጉዟል፤ በግዕዝ አገር፣ ምድር ማለት ነበር፣ ዛሬ የሕዝብ ወገን መጠሪያ ነው። ቃል ትርጉሙን ሲለውጥ በቃሉ ሥር የሚኖረው ሰው ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጠ አድራሻው ይለወጥበታል። ኩርዶች የደረሰባቸው ይህ ነው፤ ማታ «ሚሌት» ውስጥ ነበሩ፣ ሲነጋም «ሚሌት» ውስጥ ናቸው፣ ቃሉ ግን ያው አይደለም።

ይህ የሆነው ከ1919 እስከ 1925 ባሉት ስድስት ዓመታት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ሰጥቼ ልተርከው።

ኦቶማኖች አንደኛውን የዓለም ጦርነት ተሸነፉ። በኦገስት 1920 የተፈረመው የሴቭር ውል ኢዝሚርን በግሪክ አስተዳደር ሥር አደረገ፤ በምሥራቅ ለአርመኖች አገር ሰጠ፤ ከአንቀጽ 62 እስከ 64 ድረስ ደግሞ ለኩርዶች ራስ ገዝነትን፣ ከዚያም ከፈለጉ ነጻነትን የሚያስጠይቅ መንገድ አስቀመጠ። ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ሙስጠፋ ከማል፣ ኋላ አታቱርክ የተባሉት፣ ከአንካራ ሆነው የነጻነት ጦርነቱን ሲመሩ ብዙ የኩርድ ባላባቶችና ሼኾች ከእሳቸው ጎን ቆሙ። የቆሙት ቱርክ ነን ብለው አይደለም። የኸሊፋው መንበር ተነካ፣ ምድራችን በሌላ ሊያዝ ነው ብለው ነው። ሙስጠፋ ከማልም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። በሜይ 1, 1920 በአንካራው ምክር ቤት ባደረጉት ንግግር፣ እዚህ የተሰበሰበው ቱርክ ብቻ፣ ሰርካሲያዊ ብቻ፣ ኩርድ ብቻ ወይም ላዝ ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ሁሉ የተዋቀረ የእስልምና ቤተሰብ ነው ብለዋል። የ1921 ሕገ መንግሥት ለክፍለ ሀገሮች ሰፊ የአስተዳደር ሥልጣን ሰጠ። በጃንዋሪ 1923 ኢዝሚት ላይ ለጋዜጠኞች ሲናገሩም ኩርዶች በሚበዙባቸው አካባቢዎች በዚያው ሕገ መንግሥት መሠረት ራሳቸውን ሊያስተዳድሩ እንደሚችሉ ጠቁመው ነበር። በስዊዘርላንዷ ሎዛን በተካሄደው የሰላም ድርድር አንካራን የወከሉት ኢስመት ኢኖኑ ደግሞ የአንካራ መንግሥት የቱርኮች የሆነውን ያህል የኩርዶችም መንግሥት ነው ብለው ተከራክረዋል።

የዛሬው ኩርድ አያቶቹ ቃል እንደተገባላቸው ሲናገር ይህን ማለቱ ነው። የፈጠራ ታሪክ አይደለም።

በጁላይ 24, 1923 የሎዛን ውል ተፈረመ። ውሉ አናሳ ብሎ ያወቀው ሙስሊም ያልሆኑትን ብቻ ነው። ኩርዶች ሙስሊሞች ናቸውና እንደ ባለቤት ተቆጥረው ከዝርዝሩ ወጡ። በዚያው ዓመት ግሪክና ቱርክ ሕዝብ ሲለዋወጡ መለያው ሃይማኖት ነበር። ቱርክኛ ብቻ የሚናገሩ የአናቶሊያ ኦርቶዶክሶች ግሪካውያን ናችሁ ተብለው ተጫኑ፤ ግሪክኛ ብቻ የሚናገሩ የቀርጤስ ሙስሊሞች ቱርኮች ናችሁ ተብለው መጡ። አዲሱ አገር የተመሠረተው እንግዲህ በሙስሊምነት ላይ ነው። ሆኖም የእስልምናን መንግሥታዊ ሥልጣን ለማፍረስ ዓመት አልፈጀበትም። በማርች 3, 1924 ኸሊፋነት ተሻረ፤ በዚያው ቀን በወጣ ሌላ ሕግ ትምህርት ሁሉ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ገባና የሃይማኖት ትምህርት ቤቶቹ፣ መድረሳዎቹ፣ ተዘጉ። ለኩርዱ መድረሳ ማለት በገዛ ቋንቋው የሚማርበት ብቸኛ ቤት ነበር። በሳምንታት ውስጥ የወጣው የ1924 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 88 የቱርኪዬ ሕዝብ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ በዜግነት ረገድ «ቱርክ» ይባላል አለ።

ኩርዱን ከቱርኩ ጋር ያሰረው ገመድ ተበጠሰ፤ በምትኩ የቀረበለት ገመድ ቋንቋ ሆነ፣ ቋንቋውም የእሱ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1925 ናቅሽበንዲ የተባለው የሱፊ ሥርዓት መሪ የኩርዱ ሼኽ ሰዒድ አመፅ ተነሣ። ሃይማኖታዊ ነበር ወይስ ብሔርተኛ እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ኸሊፋው ሲወድቅ አንዱ ገመድ ነው የተበጠሰው፤ ያ ገመድ ሃይማኖትም ነበር፣ ኩርዱ በአገሩ ያለው ቦታም ነበር። ሼኹ በጁን 29, 1925 የኩርዶች ትልቅ ከተማ በሆነችው ዲያርባኪር ከብዙ ተከታዮቻቸው ጋር ተሰቀሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የጸደቀው ምሥጢራዊው የምሥራቅ ማሻሻያ ዕቅድ በአካባቢው ከቱርክኛ ሌላ ቋንቋ በአደባባይና በመሥሪያ ቤት እንዳይነገር የሚል ይገኝበታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው በፍጥነት የሚነገር ነው፣ ቀላል ሆኖ ግን አይደለም። የ1934ቱ የሰፈራ ሕግ አገሩን በሦስት ዓይነት ቀጠናዎች ከፈለ፤ የቱርክ ባህል ያላቸው እንዲበዙባቸው የሚፈለጉ፣ ሌሎች መጥተው እንዲዋሃዱባቸው የተመደቡ፣ ጭርሱኑ ነዋሪ እንዲለቃቸው የታዘዙ። ዴርሲም የተባለው የምሥራቅ ተራራማ አውራጃ ስሙ ቱንጀሊ ተብሎ ተለወጠ፤ በ1937 እና 1938 ጦር ዘመተበት። መሪው ሰይድ ሪዛ በኖቬምበር 1937 ተሰቀሉ። በኖቬምበር 2011 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ረጀብ ጠይብ ኤርዶዋን የመንግሥት ሰነድ ጠቅሰው 13,806 ሰው መገደሉን ተናግረው ስለ ዴርሲም ይቅርታ ጠይቀዋል። በሚከተሉት አሥርት ዓመታት 12 ሺህ ገደማ መንደሮች ስማቸው ተቀየረ፤ የኩርድኛው፣ የአርመንኛው፣ የግሪክኛው ስም ከካርታ ጠፋ። ኩርዶች ደግሞ ለብዙ ዘመን በይፋ «የተራራ ቱርኮች» ተባሉ። በተራራ ተነጥለው ቋንቋቸው የተበላሸባቸው ቱርኮች ናቸው ማለት ነው።

የዚያን ዘመን ሥራ በአንድ ሰው ስም ላይ ማየት ይቻላል። በማርዲን ከንቲባነትና በፓርላማ አባልነት የሚታወቁት አንጋፋው የኩርድ ፖለቲከኛ አሕመት ቱርክ ይባላሉ። አዎ፣ የቤተሰብ ስማቸው «ቱርክ» ነው። የ1934 የቤተሰብ ስም ሕግ ሲወጣ ለኩርዱ ቤተሰብ የተመዘገበለት ስም እሱ ነው። እኚህ ሰው በፌብሩዋሪ 2009 በፓርላማ የፓርቲያቸው ስብሰባ ላይ በኩርድኛ መናገር ሲጀምሩ የመንግሥት ቴሌቪዥን የቀጥታ ሥርጭቱን ቆርጦታል። የሚገርመው፣ ያው ቴሌቪዥን ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ በጃንዋሪ 1, 2009፣ ሙሉ ቀን በኩርድኛ የሚያሰራጭ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። መንግሥት ራሱ ሲናገረው ቋንቋ ነው፤ ኩርዱ ለራሱ ጉዳይ ሲናገረው ጥፋት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ባልደረባዎ ክርክር ልመለስ፤ ክብደት ያለው ክርክር ነውና ሳልመልሰው ባልፍ ነውር ነው።

የቱርክ ብሔርተኝነት ትልቁ አሳቢ ዚያ ጎካልፕ የዲያርባኪር ተወላጅ ነበሩ። ብሔር በደም አይወሰንም፣ በአስተዳደግና በባህል ነው ብለው አስተማሩ። አታቱርክ በኦክቶበር 29, 1933 የሪፐብሊኩን አሥረኛ ዓመት ሲያከብሩ የዘጉበት ዓረፍተ ነገር «ነ ሙትሉ ቱርኩም ዲየነ» የሚል ነው፤ «ቱርክ ነኝ ለሚል ምንኛ ደስታ ነው»። ልብ ይበሉ፣ ቱርክ «ለሆነ» አላሉም፣ «ለሚል» አሉ። ከቦስኒያ የመጣው፣ ከካውካሰስ የሸሸው፣ ከቀርጤስ የተጫነው ይህን «ብሎ» ገባ። ባልደረባዎ ምናልባት አያቱ ከባልካን ነፍሷን ይዛ የደረሰች ትሆናለች። ለእንደዚህ ዓይነቱ ቤተሰብ «ቱርክ» የሚለው ስም ከሞት የተረፉበት ጣሪያ ነው። ስሙ ሲነካ የሚቆጣው ሰው ሁሉ ዘረኛ አይደለም፤ ጣሪያው የሚፈርስ መስሎት ነው። የሴቭር ወረቀት ትዝታም አለ። አገሩ አንዴ በካርታ ላይ ተቆራርጦ ያየ ሕዝብ «ልዩነት» የሚለውን ቃል ሲሰማ «መገንጠል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ይህን ፍርሃት ትምህርት ቤቱም፣ ወታደር ቤቱም፣ ጋዜጣውም ሲመግቡት ኖረዋል።

ታዲያ ሌሎቹ ብለው የገቡበትን ኩርዱ ለምን እምቢ አለ? በእኔ እይታ መልሱ መሬት ላይ ነው ያለው። የባልካንና የካውካሰስ ሙስሊም ተነቅሎ የመጣ ነበር፤ መንደሩን፣ መቃብሩን፣ ጎረቤቱን ትቶ። አዲስ ስም ለአዲስ ሕይወት። ኩርዱ ግን የትም አልሄደም። በአያቱ መሬት ላይ፣ ከጎሣው ጋር፣ ከሼኹ ጋር፣ ድንበር ማዶ ኢራቅና ሶሪያና ኢራን ከቀሩ ዘመዶቹ ጋር በዚያው ተራራ ላይ እያለ ነው መንግሥት መጥቶ «ያንተ ስም ይህ አይደለም» ያለው። ቁጥሩም ትንሽ አይደለም። በቆጠራ የቋንቋ ውጤት ለመጨረሻ ጊዜ የታተመው በ1965 ነው፤ የዛሬ ግምቶች ከአገሩ ሕዝብ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያደርሷቸዋል።

በሩም ቢሆን ለሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም። የ«ለሚል» ድምፅ ባለበት ሁሉ የደም ድምፅም አብሮ ነበር። በ1930 የፍትሕ ሚኒስትሩ ማሕሙት ኤሳት ቦዝኩርት ንጹሕ ቱርክ ያልሆነ ሰው በዚህ አገር ያለው መብት የአገልጋይነትና የባርነት መብት ብቻ ነው ሲሉ በአደባባይ ተናግረዋል። በ1942 የሀብት ግብር ሲጣል ግሪኩ፣ አርመኑና አይሁዱ በወረቀት «ቱርክ» ሆነው ሳለ ከሙስሊሙ ብዙ እጥፍ ተጫነባቸው። እነዚህ ልዩ መሆናቸው ታወቀላቸው፣ ቱርክ ተብለው ግን አልታመኑም። ኩርዱ ቱርክ ተባለ፣ ልዩ መሆኑ ግን ተካደ።

የሚኒስትሩን ነገር እንይ። እውነት ነው፣ በዲያርባኪሯ ሊጄ የተወለዱት ኩርዱ ሂክመት ቸቲን ከ1991 ጀምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ የባትማን አካባቢ ተወላጁ መህመት ሺምሼክ የአገሪቱን ገንዘብ ሚኒስቴር ይመራሉ። ግን ሸራፈቲን ኤልቺ የሚባሉ ሌላ ሚኒስትር ነበሩ። በ1979 በሥልጣን ላይ ሳሉ «በቱርኪዬ ኩርዶች አሉ፤ እኔም ኩርድ ነኝ» አሉ። ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ሰው አልሰደቡም፣ ጠመንጃ አላነሡም፤ «አሉ» ነው ያሉት። ከእሳቸው በተቃራኒ በኩል ደግሞ ኢስማኢል ቤሺክቺ አሉ፤ ቱርክ ናቸው፣ የሶሲዮሎጂ ምሁር፤ ስለ ኩርዶች በመጻፋቸው ብቻ 17 ዓመት ያህል እስር ቤት አሳልፈዋል። መከልከል የተፈለገው እንግዲህ ሰውየው ከፍ እንዳይል አይደለም። ስሙ እንዳይነሣ ነው።

ይህን ከምንም በላይ የሚያሳየኝ የ1983ቱ ሕግ ቁጥር 2932 ነው። ሕጉ ኩርድኛን ከለከለ፣ ግን «ኩርድኛ» የሚል ቃል ውስጡ የለም። የከለከለው ቱርክ ዕውቅና ከሰጠቻቸው አገሮች «የመጀመሪያ የሥራ ቋንቋ» ውጭ በሆነ ቋንቋ ሐሳብን መግለጽና ማሠራጨት ነው። «የመጀመሪያ» የሚለው ለምን ገባ? በኢራቅ ኩርድኛ ሁለተኛ ሆኖ ዕውቅና ስለነበረው ነው። ሕግ አርቃቂው ስሙን ቢጠራ መኖሩን ሊያምን ሆነ፤ ስለዚህ በዙሪያው ዞሮ አጠረው። ሕጉ በ1991 ተሻረ። ፊደልም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በ1928ቱ የቱርክ ፊደል ውስጥ የሌሉ ሦስት የላቲን ሆሄያት በኩርድኛ አሉ፤ በእነሱ ልጁን ስም ያወጣ ወላጅ መዝገብ ቤት ይመለስ ነበር፣ በእነሱ የአዲስ ዓመት በዓሉን «ኔውሮዝ» ብሎ የጻፈ ሰው ተከሶ ያውቃል። በ2010 ዲያርባኪር ላይ በታየ ትልቅ የፖለቲካ ችሎት ተከሳሾች በኩርድኛ ሲናገሩ ቃለ ጉባኤው «ባልታወቀ ቋንቋ ተናገረ» ብሎ መዘገበው። በከተማው ገበያ የሚሰማው ቋንቋ ለፍርድ ቤቱ አልታወቀም።

ለትምህርት አንካራ በነበርኩበት ጊዜ ከዲያርባኪር የመጣ ልጅ ጋር አንድ ክፍል እንኖር ነበር። እናቱ ስትደውል ስልኩን ይዞ ኮሪደር ይወጣል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ምሥጢር የሚያወራ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። በኋላ እናቱ ቱርክኛ እንደማትችል ነገረኝ። በዚያን ጊዜ በስልክ ኩርድኛ መናገርን የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ በዶርሙም የከለከለው ሰው አላየሁም። ድምፁን ያስቀነሰው ከአባቱ የወረሰው ልማድ ነው። ሕግ ይሻራል፤ በሰው ጉሮሮ ውስጥ የተቀመጠው ግን በአዋጅ አይወጣም።

ጦርነቱን የማያነሣ መልስ ጎደሎ ነው። የኩርዶች ታጣቂ ድርጅት ፒኬኬ በ1978 በሊጄ አቅራቢያ በአብዱላህ ኦጃላን መሪነት ተመሠረተ፤ በኦገስት 15, 1984 ኤሩህና ሼምዲንሊ ላይ መተኮስ ጀመረ። በመካከሉ የ1980ው መፈንቅለ መንግሥት አለ፤ የዲያርባኪር ወታደራዊ እስር ቤትም አለ፣ በድብደባና በስቃይ ስሙ የሚነሣው። ብዙ ወጣት ከዚያ ወጥቶ ተራራ ወጣ። ከ40 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ከእነሱ ውስጥ ከአናቶሊያ ደሃ መንደሮች ለግዳጅ አገልግሎት የሄዱ የቱርክ ልጆች አሉ፤ ፒኬኬ የገደላቸው መምህራን፣ መንግሥት ያስታጠቃቸው መንደር ጠባቂዎችና ሲቪሎችም አሉ። የቱርክ እናት ልጇን በሰንደቅ ተሸፍኖ ስትቀበል የታሪክ ትምህርት አያጽናናትም፤ የመጀመሪያው ባልደረባዎ ከዚህ ሐዘን ውስጥ ሆኖ ከሆነ የሚናገረው፣ እሱም ይሰማ። በሌላ በኩል የፓርላማ ኮሚሽን በ1998 ባወጣው ሪፖርት 3,428 መንደሮችና ጎጦች መለቀቃቸውንና 378,335 ሰው መፈናቀሉን ጽፏል፤ ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች ቁጥሩን እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ኢስታንቡል በዓለም ብዙ ኩርዶች ከሚኖሩባቸው ከተሞች ቀዳሚዋ ናት የምትባለው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ኦጃላን በፌብሩዋሪ 1999 ናይሮቢ ላይ ተይዘው ወደ ቱርክ ተወሰዱ፤ ከዚያ ወዲህ ኢምራሊ ደሴት ላይ ታስረው ይገኛሉ።

በሰላማዊው መንገድ የሄዱትስ? በኖቬምበር 1991 ሌይላ ዛና የፓርላማ ቃለ መሐላቸውን በቱርክኛ ፈጽመው ሲጨርሱ፣ ለቱርክና ለኩርድ ሕዝቦች ወንድማማችነት ብዬ ነው የማልኩት የሚል ዓረፍተ ነገር በኩርድኛ ጨመሩ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፤ በ1994 ያለመከሰስ መብታቸው ተነሥቶ ታሰሩ፣ 15 ዓመት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2004 እስር ቤት ቆዩ። ፓርቲዎቻቸው በተራ ተዘጉ፤ በ1993፣ በ1994፣ በ2003፣ በ2009። አዲስ ስም እያወጡ ተመለሱ። በጁን 2015 ምርጫ የዚሁ ወገን ፓርቲ ኤችዲፒ 13 በመቶ አገኘና 80 ወንበር ያዘ፤ ብዙ ቱርኮችም መርጠውታል። ያ የተስፋ ጊዜ ነበር፤ ከ2013 ጀምሮ የሰላም ድርድር ይካሄድ ነበር። በጁላይ ድርድሩ ፈረሰ፣ ጦርነቱ ወደ ሱርና ጂዝሬ ከተሞች ገባ፤ በኖቬምበር 2016 የፓርቲው መሪ ሰላሃቲን ደሚርታሽ ታሰሩ፣ በተመረጡ ከንቲባዎች ቦታ የመንግሥት ሹሞች ተቀመጡ። ይህን ሁሉ እያየ ያደገ ወጣት «በምርጫ ና» ሲባል ምን ብሎ እንደሚያምን አላውቅም።

ለውጥ የለም ለማለት አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱለይማን ደሚሬል በ1991 ዲያርባኪር ሄደው የኩርድን እውነታ እንቀበላለን አሉ። ኤርዶዋን በ2005 እዚያው ከተማ የኩርድ ጉዳይ የእኔም ጉዳይ ነው አሉ። ከ2012 ጀምሮ ኩርድኛ በሳምንት ሁለት ሰዓት የምርጫ ትምህርት ሆነ። በ2013 ልጆች በየማለዳው «ቱርክ ነኝ፣ ሐቀኛ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ» ብለው የሚምሉት መሐላ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቀረ። ዛሬ ኩርድኛ ሲዘፈን፣ ሲታተም ይገኛል። የቀረው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለው ቋጠሮ ነው። አንቀጽ 66 በዜግነት ከመንግሥት ጋር የተሳሰረ ሁሉ ቱርክ ነው ይላል። አንቀጽ 42 ደግሞ ከቱርክኛ በስተቀር ማንኛውም ቋንቋ ለቱርክ ዜጎች እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ በትምህርት ተቋማት አይሰጥም ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያንብቧቸው፦ የመጀመሪያው ሁሉንም ያቅፋል፣ ሁለተኛው የታቀፈውን ልጅ አፉን ይይዘዋል። በ66 ብቻ ቢሆን ኖሮ «ቱርክ» እንደ ዜግነት ስም ሊቆጠር ይችል ነበር፤ የመጀመሪያው ባልደረባዎም ክርክሩን ያሸንፍ ነበር። ክርክሩን የሚያፈርስበት 42 ነው።

በ2004 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የቀረበ የአናሳ መብቶች ሪፖርት አንድ መውጫ አቅርቦ ነበር። የጋራ ስማችን «ቱርኪየሊ» ይሁን፣ «የቱርኪዬ ሰው»፤ በሥሩ ቱርኩ ቱርክ፣ ኩርዱ ኩርድ ይሁን አለ። ሪፖርቱ ለጋዜጠኞች ሲቀርብ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ከአቅራቢው እጅ ነጥቆ ቀደደው። ምሁራኑ ባስኪን ኦራንና ኢብራሂም ካቦሉ ተከሰሱ፤ በመጨረሻ ነጻ ወጡ። አሳቡ ግን በወረቀቱ ቁራጭ ላይ ቀረ።

በኦክቶበር 2024 ያልተጠበቀ ነገር መጣ። የቱርክ ብሔርተኞች መሪ ደቭለት ባህቸሊ ራሳቸው፣ ኦጃላን በፓርላማ ቀርበው ድርጅታቸው እንዲፈርስ ይናገሩ አሉ። በፌብሩዋሪ 27, 2025 ኦጃላን ፒኬኬ ትጥቅ ፈትቶ እንዲፈርስ ጥሪ አደረጉ፤ በሜይ ድርጅቱ መፍረሱን አስታወቀ፤ በጁላይ 11 በኢራቋ ሱለይማኒያ አቅራቢያ 30 ታጣቂዎች መሣሪያቸውን በእሳት አቃጠሉ፤ በኦገስት ፓርላማው ኮሚሽን አቋቋመ። በጥሪው ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ቁም ነገር አለ፦ ኦጃላን የተለየ አገርን ብቻ ሳይሆን ፌዴሬሽንንና አስተዳደራዊ ራስ ገዝነትንም መፍትሔ አይደሉም ብለዋል። የመሬት ጥያቄ ከጠረጴዛው ከተነሣ በጠረጴዛው ላይ የሚቀረው የስምና የቋንቋ ጥያቄ ነው፤ ማለትም አንቀጽ 66ና 42። ብዙዎች መሣሪያው ከተቃጠለ ነገሩ አለቀ ይላሉ። እኔ ከባዱ አሁን ነው የጀመረው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም እስካሁን «መገንጠል ነው» እየተባለ የሚታለፈው ጥያቄ ከእንግዲህ ያ ሽፋን የለውም።

እርስዎ በመጋዘኑ ምን ያድርጉ ካሉኝ፣ ቀላል ነው። አማርኛችን «ቱርክ ነህ?» እና «ከቱርክ ነህ?» ብሎ በአንዲት ፊደል ይለየዋል፤ ያቺ «ከ» የ2004ቱ ሪፖርት በ«ቱርኪየሊ» ሊያስገባት የፈለጋት ናት። ሁለቱም ከቱርክ ናቸው፤ ሁለቱም በዚያ አይከፉም። ከዚያ ሁለተኛውን የየትኛው ከተማ ልጅ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ማርዲን ይሁን ቫን ይሁን ራሱ ይነግርዎታል። ጠዋት ሲገናኙ ደግሞ «ሮጅባሽ» ይበሉት፤ በእናቱ ቋንቋ መልካም ቀን ማለት ነው።